የጋሼ ምንጩ ውሃ

ፀጉር ሠሪዋ ባሏን ሲሰርቅ ያየችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የሰረቀውም ከገዛ ቤቱ ነበር። የፀጉር ቤቷን ፎጣዎች ሽቦ ላይ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ብቅ ስትል፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ወዳለችው የመብራት ሳጥን ተጠግቶ፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ፣ የፓምፑን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ሲከት አየችው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ አባቱ ክፍል መስኮት ጠጋ ብሎ፣ «አባባ! ፓምፑ ተቃጥሏል መሰለኝ፤ እምቢ አለኝ» አለ። ከውስጥ መጀመሪያ የሽማግሌው ሳል፣ ቀጥሎ «ምን ይደረግ፣ እሱም እንደኔ አርጅቷላ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሴትየዋ እርጥቡን ፎጣ ደረቷ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባሏ ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ከተጋቡ ጀምሮ ታውቃለች፤ ዛሬ ግን ቅላቱ አንገቱ ድረስ ወርዶ ነበር።

ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችውና በሩን ገርበብ አድርጋ «ኪስህ ያለውን አውጣ» አለችው። መጀመሪያ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልመጣለት ሲል ግድግዳውን ተደግፎ ተናገረ። ባሏ የሚሠራው ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ወርክሾፕ ነው፤ እዚያ የአልጋና የወንበር ብረት ፈሳሽ ውስጥ እየተነከረ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ይወጣል። በቀደም ነጩ ሳፋ ላይ ከጉድጓዱ ውሃ ሲቀዳ፣ የቀጠነ ሻይ ዓይነት ቢጫ ቢጫ ነገር ታየው። ቀለሙን አላጣውም፤ ጓንቱን ቀን ተቀን የሚያቀልምበት ነውና። በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ ወሰደው። የፈራውን ነገሩት፤ ክሮም የሚባለው የወርክሾፑ መርዝ በአፈር ውስጥ ሰርጎ ጉድጓዱ ደርሷል።

«እኔ እኮ ለልጃችን አፍልቼ ነው የምሰጣት» አለች።

«ማፍላት ለጀርም ነው። ይኼ ብረት ነው፤ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። እንዲያውም ይብስበታል።»

ባዶ ጀሪካን ላይ ዘጭ አለች። ለቅዳሜ ጥናት ትምህርት ቤት የሄደችው ልጇ ፊቷ ድቅን አለችባት፤ ከዚያ እራሷ፤ ከዚያ ከበሯ ላይ ሆና ሲያድጉ ያየቻቸው የሰፈሩ ልጆች በሙሉ። «ታዲያ ለሰው አይነገርም?» ስትለው፣ «ለአባባ ማን ይነግራቸዋል? አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?» አላት። እሱ ያሰበው ፓምፑ ተቃጠለ ተብሎ፣ ጥገናውም ዛሬ ነገ እየተባለ፣ ሰዉም ቀስ በቀስ ሌላ ውሃ እየለመደ ነገሩ በዚያው እንዲቀር ነው። ስለ ወርክሾፑ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ እንጀራቸው አንድም ቃል አልተናገረም፤ እሷም አላነሳችበትም። ያልተነሳው ነገር ግን ከሁለቱም በላይ ገዝፎ ወጥ ቤቷን ሞልቷት ነበር። «ለልጅቷ የታሸገ ውሃ ግዢላት። ሌላውን ሆድ ይፍጀው» ብሏት ወጣ።

ለአማቷ ጋሼ ምንጩ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ግንበኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው ለራሳቸው ሠራሁ የሚሉት ይህንን ጉድጓድ ብቻ ነው። እሳቸው ከታች ሲቆፍሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ከላይ አፈሩን በገመድ ሲስቡ፣ ውሃው ብቅ ያለ ዕለት ባልና ሚስት ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ ተቃቅፈው ማልቀሳቸውን ያላወራ የሰፈር ሰው የለም። የቧንቧ ውሃ እዚህ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም እየሳለ፣ እየተናነቀው ነው። ስለዚህ የጋሼ ምንጩ በር ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ገንዘብ ሊሰጣቸው የሞከረ ሰው «ዝናቡን እኔ ነኝ እንዴ የማዘንበው?» ተብሎ ተገላምጦ ይመለሳል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ጉድጓዱ ሌላ ነገር ሆነላቸው። ጠዋት ጠዋት ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ የሚቀዳውን ሰው ልጁ ምን ውጤት እንዳመጣ፣ ጉልበቱን ተሻለው እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ጀሪካኑ ሲሞላ ጨዋታው ያልቃል፣ ቀጣዩ ይመጣል። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ታውቃለችና ባሏ ለምን እንደዋሸ ገባት።

ፀጉር ቤቷ ከግቢው ፊት ለፊት ወደ መንገድ የተከፈተች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ በቀለም የተዥጎረጎረ መደርደሪያ። ቅዳሜ ደግሞ ሰው ይበዛል። መጀመሪያ የመጡት ጡረታ የወጡት መምህርት ነበሩ፤ ቢጎዲን ጠቅልለው ካስክ ውስጥ ካልተቀመጡ ሳምንቱ ያለፈ የማይመስላቸው፣ ካስኩ ሥር ሲሆኑ ደግሞ ስለማይሰሙ ጎረቤት ድረስ የሚጮሁ ሴት ናቸው። አንገታቸውን ወደ ኋላ አዘንብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፀጉር ሠሪዋ ጆጉን ከበርሜሉ ሞልታ አነሳች። ባሏ ስለ መጠጥ እንጂ ስለ ፀጉር ምንም አላለም፤ ቢሆንስ ይህ ውሃ በእኚህ ምስኪን ራስ ላይ እንዴት ይፈሳል? ጆጉን አስቀመጠችና «እትዬ፣ ዛሬ ውሃ የለም። ፓምፑ ተቃጥሎ ነው። በቅባት አለስልሼ ልጠቅልልዎት» አለች።

መምህርቷ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ውሃ የለም ትይኛለሽ? አማትሽ እየቀዱ አይደለም እንዴ!»

ዞር ብላ በጓሮ በኩል ባለው መስኮት ብታይ ክው አለች። ሽማግሌው ከዕቃ ቤት ያንን አሮጌ ገመድና ባልዲ አውጥተው፣ እጀታቸውን ሰብስበው፣ የጉድጓዱን አፍ ከፍተው በእጃቸው እየሳቡ ነው! ከፊታቸው የጀሪካኑ ሰልፍ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ከሁሉ ፊት ዳቦ ጋጋሪዋ ቆማለች፤ ለነገ ዳቦ ማቡኪያ ውሃ የምትቀዳበትን ሁለት ትልልቅ በርሜል በጋሪ አምጥታ። ጋሼ ምንጩ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ከጉልበታቸው ጋር እየታገሉ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው የልጅ ሳቅ ነው። «ከፓምፑ በፊትም እኮ ሰው ውሃ ይጠጣ ነበር! ይኼ ማሽን ነው ያሰነፈን!» ይላሉ። አንዱ ጎረቤት «ኧረ ጋሼ ይረፉ፣ እኛ እንሳብ!» ቢላቸው ወይ ፍንክች። ባልዲው በወጣ ቁጥር ደረታቸው ይነፋል።

ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን ይዛ ወደ ጥግ ሄደችና ባሏ ጋ ደወለች። «ጉድ ፈልቷል። በገመድ እየቀዱ ነው።»

«ገመዱን ደብቂው!»

«በእጃቸው ይዘውት? ምን ብዬ ልንጠቃቸው?»

ከወዲያኛው ጫፍ የብረት መፍጫ ጩኸት ብቻ ተሰማት። ቆይቶ «መጣሁ» አለና ዘጋው። እሷም መምህርቷን በቅባት አለሳልሳ፣ ቢጎዲኑን ጠቅልላ፣ ካስኩን አወረደችባቸው። እጇ ይሠራል፤ ዓይኗ ግን ከመስኮቱ አልተነቀለም። ዳቦ ጋጋሪዋ በርሜሎቿን ሞልታ እየመረቀች ሄደች። ሌላው ተተካ። በዚህ መካከል ሽማግሌው ባልዲውን ለአንድ ጎረምሳ ሰጡና፣ የጆጋቸውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሁለት እጃቸውን ሥሩ አድርገው እንደ ሙሽራ እያጀቡት መንገዱን ተሻገሩ። ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከመንገዱ ማዶ አራስ አለች። የጡቷ ወተት አልወርድ ብሏት ሕፃኑን በጣሳ ወተት ነው የምታሳድገው፤ የጡጦውን ውሃ ደግሞ «ከሥር የተቀዳ ቀዝቃዛ» እያሉ እሳቸው ናቸው በየቀኑ የሚያደርሱላት። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያ በእጇ እንደያዘች፣ መምህርቷን ካስክ ውስጥ ትታ ሮጠች።

አራሷ የምትኖረው ከአንድ አልጋና ከአንድ ጠረጴዛ ሌላ የማይችል ቤት ውስጥ ነው። ጨርቅ በገመድ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰጥቷል፤ ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፤ የወተት ጣሳውና የተቀቀለው ጡጦ ንጹሕ ሳህን ላይ ተደርድረዋል። ጋሼ ምንጩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሕፃኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል፤ አንድ ጣታቸውን ጨብጦ ይዟቸዋል። አራሷ ፀጉር ሠሪዋን ስታይ ፈገግ አለች። «ግቢ እንጂ! አማትሽ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር? ደግሞ አትስጊ፣ ሁለት ጊዜ ነው የማፈላው።»

ያቺ ሴት እንዲህ ባትል ኖሮ ፀጉር ሠሪዋ ምናልባት ሰበብ ትፈጥር ነበር። «ሁለት ጊዜ» የሚለው ቃል ግን ሰበቡን ሁሉ ከአፏ ነጠቃት። ምድጃውን አጥፍታ፣ የድስቱን ጆሮ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ፣ ውሃውን በር ላይ ደፋችው። ተመልሳ ጆጉንም ደገመችው። እንፋሎቱ ከመሬቱ እየተነሳ በሦስቱም መካከል ቆመ። ሕፃኑ ብቻ ነው ድምፅ ያሰማው፤ እሱም ስቆ ነው።

«ምነው ልጄ?» አሉ ሽማግሌው። አልተቆጡም። ሲቆጡ ብታያቸው ይሻላት ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። ውሃው ተመርዟል። ፓምፑ አልተቃጠለም። ከወርክሾፑ የሚደፋው ነገር በአፈሩ ገብቶ ነው። ተመርምሯል። ማፍላትም አያድነውም።» አንድም ሳታስቀር፣ ሳትተነፍስ ተናገረችው።

አራሷ «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ጋሼ ምንጩ ሕፃኑን ጣታቸውን ቀስ አድርገው አስለቅቀው ለእናቱ አቀበሏት። «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። በጋሪ አይደለም፣ ታክሲ ያዢ፤ ሒሳቡ ከኔ ነው» አሉና ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ያንን ጠባብ መንገድ እንደ ሰፊ ወንዝ እያማተሩ ተሻገሩት።

ፀጉር ሠሪዋ ተከትላ ጓሮ ስትደርስ ሰዎቹን በምን እንዳሰናበቷቸው እንጃ፣ ብቻቸውን የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከባልዲው በጣሳ ቀድተው ወደ ብርሃኑ ያዩታል። «ጥርት ያለ ነው» አሉ። «ምንም የለውም። እዪው።» ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት የእጃቸውን አንጓ ያዘች። አማትና ምራት እንዲህ ተያይዘው አያውቁም፤ ሁለቱም ደነገጡ። «እኔ እኮ ጠጥቼው ሸምግያለሁ» አሏት።

«ያን ጊዜ ወርክሾፑ አልነበረም። ያ ሕፃን ደግሞ ገና ጥርስ እንኳ አላወጣም አባባ።»

ጣሳውን ዝቅ አደረጉት። ውሃው እግራቸው ሥር ፈሰሰ፤ እሳቸው አላዩትም። «ማን ያውቅ ነበር?» አሉ። «ልጅዎ። እኔም ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ» አለቻቸው። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» ሲሉ «እንዳይከፋዎት ነው» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አሳፈራት። «እኔ እንዳይከፋኝ ብላችሁ» አሉ ሽማግሌው፣ «ሰፈሩ መርዝ ይጠጣ?»

ባሏ ያን ጊዜ ነው በአጥሩ በር የገባው፤ የሥራ ቱታውን እንኳ አላወለቀም። የሁለቱን ፊት ሲያይ ሁሉም ነገር ገባው። እጁን ኪሱ ከቶ ፊውዟን አወጣና አባቱ መዳፍ ላይ አኖራት። «እኔም ደፍቻለሁ» አለ። «ከወርክሾፑ ጓሮ ጉድጓድ አለ። አለቃው ድፉ ሲለን እንደፋለን። ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።» ጋሼ ምንጩ ፊውዟን አገላብጠው አዩዋት። ፀጉር ሠሪዋ የሚሰድቡት መስሏት ነበር። «አንተን ያሳደግኩህ በዚህ ውሃ ነው» ብቻ አሉ። ከዚያ ወደሷ ዞረው «ልጄ፣ ኮቴን አምጪልኝ» አሏት። ልጃቸው «አባባ ይቀመጡ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» ሲል ገና ሳይጨርስ፣ «ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ፤ የምነግራቸውም እኔ ነኝ። አንተ ከጎኔ ቁምና ከየት እንደመጣ ተናገር» አሉት።

ኮቱን ይዛ ስትመለስ ነው «ኧረ ሰው የለም ወይ! ተቃጠልኩ እኮ!» የሚለውን ጩኸት የሰማችው። መምህርቷን ረስታቸው ነበር። ካስኩን ስታነሳ ጆሯቸው ቲማቲም መስሏል፤ ቢጎዲኑን ስትፈታውም ፀጉራቸው እንደ ምንጣፍ ክር ቆሞ ቀረ። እየሳቀችም እያለቀሰችም የሆነውን ነገረቻቸው። እሳቸውም ሊቆጡበት የከፈቱትን አፍ ቀስ ብለው ዘጉት። «እኔስ ስንት ጊዜ ጠጣሁት?» አሉ በዝግታ፤ ካስክ ሥር እንደሚጮሁበት ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ሻርፓቸውን በቆመው ፀጉር ላይ ጠምጥመው፣ ጋሼን ብቻቸውን አንሰድም ብለው ተከትለው ወጡ።

ከሰዓቱ እንዲህ ሆኖ አለፈ፤ ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ልጃቸው ከጎን፣ ከቤት ቤት። በየደጁ የሚሉት አንድ ነው፤ «ያጠጣኋችሁ ውሃ ተበክሏል። አላወቅኩም ነበር። አፍልታችሁም አትጠጡት። ልጆቻችሁን ለሐኪም አሳዩ።» ልጃቸውም ወርክሾፑንና የሚደፋበትን ቦታ ይናገራል። አንዱ «እግዜር ያውቃል ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ» ይላቸዋል። ሌላው ምንም ሳይመልስ በሩን ይዘጋል። አንዷ አሮጊት ሰምተው ሲያበቁ «ዕድሜዬ አልቋል፣ እኔ ግን ያንተን ነው የምጠጣው» ብለው ሊያስለቅሷቸው ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኞቿን እየመለሰች ከበሯ ላይ ሆና ታያቸው ነበር። የዳቦ ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ ግን አላስቻላትም፣ ሄደች።

ዳቦ ጋጋሪዋ እስከ ክርኗ ድረስ ሊጥ በሊጥ ሆና ነበር። ሰምታ ስትጨርስ እጇን አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «ጋሼ» አለች፣ «ለሰው ያበላሁትን ዳቦ አሁን ከየት ለቅሜ ላምጣው? ይንገሩኝ!» መልስ አልጠበቀችም። ያቦካችውን ሊጥ በሙሉ ከነገንዳው እየጎተተች አወጣችና ደጅ ገለበጠችው። ቀጥላ በርሜሎቹን ገፍታ ጣለቻቸው። ውሃው እየተንደረደረ በጋሼ ምንጩ ጫማ ላይ አለፈ። ልጃቸው ወደ ኋላ ሊስባቸው ቢሞክር እጁን ገፉት፤ እዚያው እርጥቡ ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው «እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ፊቷን በሊጣም ክንዷ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች።

ሲመለሱ ለፀጉር ሠሪዋ ባል ስልክ ተደወለለት። አለቃው ነው። ወሬ ከእግር ይፈጥናል። ባሏ ዝም ብሎ አዳመጠና «አዎ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት። ሰኞ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄጄ ስጠየቅም ይኼንኑ ነው የምለው» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ሚስቱን አያት። ነገ ምን እንበላለን የሚለው ነገር ፊቱ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። «ፀጉር ያላት ሴት እስካለች ድረስ አንራብም» አለችው፤ ጆሮውን አየችው፤ አልቀላም። መምህርቷም ሰኞ ሰፈሩን ሰብስቤ ቢሮው የማልሄድ እንደሆነ ብለው በቆመው ፀጉራቸው ማሉ። አራሷ ደግሞ ሕፃኗን አቅፋ ከታክሲ ወረደች፤ ለጊዜው ደህና ነው ብለዋታል፣ ክትትል ግን ያስፈልገዋል። ጋሼ ምንጩ ሕፃኑን ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። አራሷ እራሷ መጥታ ጣታቸውን አስያዘችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌው የግንበኝነት ዕቃቸውን አወጡ። ጉድጓዱን ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አልፈለጉም። በጓሮ ከተረፈ ሲሚንቶና አሸዋ ደባለቁ። ውሃ ሲያስፈልግ ልጃቸው ከቧንቧ ሊያመጣ ሲነሳ «ተው» አሉት፤ ባልዲውን ለመጨረሻ ጊዜ ወደታች ወረወሩና ከራሱ ከጉድጓዱ ቀዱ፤ በዚያው አቦኩት። ሰፈሩ አንድ በአንድ እየመጣ አጥሩ ሥር ቆመ፤ ማንም ጀሪካን አልያዘም። ከቢሮው የሚመጡ መርማሪዎች ቱቦ የሚያስገቡበት ቀዳዳ ብቻ አስቀርተው፣ የድንጋዩን ክዳን ልጃቸውና ምራታቸው አንስተው ሲያስቀምጡላቸው፣ ጠርዙን በግንበኛ ማንኪያቸው እያለሰለሱ ዞሩት። ሲጨርሱ ክዳኑን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉትና፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ከንፈራቸውን ላሱ። እንደጠማቸው ሁሉም ሰው አየ። ምን እንደሚሰጧቸው ግን አንድም የሚያውቅ አልነበረም፤ በዚህ ሰፈር ለጋሼ ምንጩ ውሃ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው የለማ።

ሰዉ ገለል ገለል ሲል ዳቦ ጋጋሪዋ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል፤ ክርኗ ላይ የደረቀ ሊጥ አለ። በብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ይዛለች፤ ፈረቃው ገና አሁን ነው ለሷ ቤት የደረሰው። ምንም ሳትል ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አንድ ጊዜ ቀምሰው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አሉ። ከአጥሩ ሥር አንዱ መሳቅ ጀመረ፤ ፀጉር ሠሪዋም፣ ባሏም፣ ሳያስቡት ዳቦ ጋጋሪዋም ሳቁ። ጋሼ ምንጩ እስከ ጭላጩ ጠጥተው ብርጭቆውን መለሱላት።

«ድገሚኝ» አሏት።